እንቁላሉ የት ይሄዳል?

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድፎው እስኪበስል መጠበቅ አቅቷት ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ስትነጫነጭ፣ በልጅነቴ እኔም የተባልኩትን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት። ልቅሶዋን ገታ አድርጋ «የት ይሄዳል?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ድፎው እስኪወጣ ድረስ ግን እንቁላሉ የት የት ሊሄድ እንደሚችል ስናወራ ቆየን፤ ሱቅ ሄደ፣ አያቷ ቤት ሄደ፣ ዝናብ ሲመጣበት ዛፍ ሥር ተጠለለ። ምሳሌው አላስታገሳትም፤ ወሬው ግን ሳይታወቃት አስጠበቃት።

የሕፃናት መጻሕፍት ዓለም ትልቁ ክርክር ያለው እዚያው ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ለትንንሽ ልጆች ጓደኝነትንና ራስን መግዛትን እናስተምራለን የሚሉ የሥዕል መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ሞልተው ተርፈዋል፤ በአማርኛም ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ገሚሶቹ ሥዕል የለበሰ ምክር ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ታሪክ። ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል ሱቅ ውስጥ ቆሞ መለየት ይከብዳል። ወገኔን አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ ከታሪኮቹ ጋር ነኝ። ታሪክም ቢሆን ብቻውን ያን ያህል እንደማይሠራ የሚያሳዩ ጥናቶች ስላሉ ግን እነርሱንም ሳልሸሽ ለማየት እሞክራለሁ።

መጀመር ያለብኝ ከአርኖልድ ሎቤል ነው። ይህ አሜሪካዊ ደራሲና ሠዓሊ ከ1970 እስከ 1979 ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጓደኛሞች ስለሆኑ አንድ እንቁራሪትና አንድ ጉርጥ አራት ትንንሽ መጻሕፍት አሳተመ። በ1972 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ «ብስኩት» የተባለ ታሪክ አለ። ጉርጥ ብስኩት ጋግሮ ወደ እንቁራሪት ቤት ይመጣል። ይበላሉ፣ ደግመው ይበላሉ፤ የሚያነሱት ሁሉ የመጨረሻው ነው፣ ከመጨረሻው በኋላ ግን ሌላ መጨረሻ ይመጣል። ሆዳቸው ሊያማቸው እንደሆነ የገባው እንቁራሪት ራሳችንን እንግዛ ይልና ብስኩቱን ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሳጥኑ ይከፈታል እኮ ይላል ጉርጥ። በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱም ይቆረጣል። መሰላል መጥቶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መሰላሉ ግን የትም አልሄደም። በመጨረሻ እንቁራሪት ብስኩቱን ደጅ አውጥቶ ለወፎች በትኖ ይገላገላል። አሁን ራስን መግዛት ሞልቷል፣ ብስኩት ግን የለም። ጉርጥም ይህን ራስን መግዛት የሚሉትን ነገር ለወዳጁ ጥሎለት ኬክ ሊጋግር ወደ ቤቱ ያዘግማል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አይቀጣም፣ ማንም አይመከርም። ልጅ የሚስቀው ራሱን ስላየ ነው። ከሳቁ ሥር ደግሞ ትልቅ ዕውቀት ተቀምጧል። በዚያው ዘመን ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አፀደ ሕፃናት ልጆችን አንድ ጣፋጭ ፊት እያስቀመጠ «ተመልሼ እስክመጣ ካልነካሽው ሁለት ታገኛለሽ» የሚለውን ዝነኛ ሙከራውን ያካሂድ ነበር። ጣፋጩ ከዓይን ሲሰወር ልጆቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃሉ። ፊታቸው ሲቀመጥ ደግሞ የተሳካላቸው ዓይናቸውን የሸፈኑት፣ ዘፈን የዘፈኑት፣ ሐሳባቸውን ሌላ ቦታ የላኩት ናቸው። ጥርስ ነክሶ መታገል ብዙ አላዋጣም። የእንቁራሪት ሳጥን ማለት ይኸው ነው። የእህቴ ልጅ ተጓዥ እንቁላልም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከሎቤል አንድ ልጨምር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ጉርጥ ደብዳቤ ደርሶት ስለማያውቅ በረንዳው ላይ አዝኖ ይቀመጣል። እንቁራሪት ወደ ቤቱ ሮጦ ይጽፍለትና ደብዳቤውን እንዲያደርስ የሚልከው ማንን ነው? ቀንድ አውጣን። ጉርጥ ተስፋ ቆርጦ አልጠብቅም ሲል እንቁራሪት ሚስጥሩን ያወጣል፤ ምን እንደጻፈም ይነግረዋል። አሁን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሁለቱም ያውቁታል። ቢሆንም በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ቀንድ አውጣው የሚደርሰው በአራተኛው ቀን ነው። ስለ ጓደኝነትና ስለ ትዕግሥት አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ሁለቱን ነጥሎ አያስተምርማ። አብሮ የሚጠብቅ ሰው ካለ መጠበቅ ይቀላል። ሞ ዊለምስም በ2014 ባሳተመው የዝሆኑና የአሳማዋ መጽሐፍ ይህንኑ መንገድ ሄዷል። ዝሆኑ እስኪመሽ መጠበቅ አቅቶት ሲያጉረመርም ፊደሎቹ እየገዘፉ ሄደው አሳማዋን ይጫኗታል። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ የትዕግሥት ማጣትን ክብደት በዓይኑ ያየዋል።

ራስን መግዛት ግን ብስኩት አለመንካት ብቻ አይደለም። ንዴትም አለ፤ በንዴት ረገድ ደግሞ ከሞሪስ ሴንዳክ «አውሬዎቹ ያሉበት» (1963) የሚበልጥ አላውቅም። ማክስ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ሲያተራምስ እናቱ እራቱን ሳይበላ ወደ ክፍሉ ትልከዋለች። ክፍሉ ጫካ ይሆናል፤ በጀልባ ተሳፍሮ አውሬዎቹ ዘንድ ይደርሳል፤ ዓይናቸውን ትኩር ብሎ በማየት ገርቷቸው ንጉሣቸው ይሆናል። መጽሐፉ ሲጀምር ሥዕሉ በነጭ ወረቀት መሃል የታጠረ ትንሽ ነገር ነው። ንዴቱ ሲጋጋል ሥዕሉም እየሰፋ ይመጣና ጭፈራው ላይ ሲደርስ ሁለቱን ገጽ ይሞላል፤ ቃላቱ ይጠፋሉ። በንዴት መሃል ቃል አለመኖሩን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጭፈራውን የሚያስቆመው ማክስ ራሱ ነው፤ አውሬዎቹንም እራት ሳይበሉ ወደ መኝታቸው ይልካቸዋል! እናቱ በእርሱ ላይ ያደረገችውን እርሱ በንዴቱ ላይ አደረገው። ከዚያ ናፍቆት ይይዘውና ይመለሳል፤ እራቱም ክፍሉ ውስጥ ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሥዕል የለም፤ ምግቡ ገና እንዳልቀዘቀዘ የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ አሉ።

በ1969 ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ስመ ጥር የሕፃናት ሥነ ልቦና ጸሐፊ ይህን መጽሐፍ በአንድ የሴቶች መጽሔት ዓምዱ ላይ ነቀፈው፤ ልጅን እራት ከልክሎ መላክ እንደ መጣል ነው፣ ያስፈራል ሲል። ነቀፋውን ሲሰነዝር መጽሐፉን አላየውም ነበር። ለልጆች የሚበጀውን በርቀት የሚያውቁ አዋቂዎች በየትኛውም አገር አይጠፉም።

ሞሊ ባንግ በ1999 ያሳተመችው የሶፊ መጽሐፍ ያንኑ መንገድ ያለ አውሬ ይሄድበታል። እህቷ አሻንጉሊቷን ትነጥቃታለች፤ ሶፊ በቁጣ ትግላለች፤ የአካሏ ዙሪያ ገባ ቀይ ይሆናል። ቤቱን ጥላ ወደ ጫካ ትሮጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥታ ባሕሩን ታያለች። ቀለሙ እየበረደ፣ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ እየሄደ ትመለሳለች። ይቅርታ ጠይቂ የሚላት የለም። እዚህ ላይ የኛ አገር አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ ልጅ በንዴት በሩን ዘግቶ ወጥቶ ሲመለስ ዝም መባሉ ለእኛ ቀላል አይደለም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እናትየዋ አንድ ነገር ብትል ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዛፉ የሚለው በቂ መሆኑ ገባኝ።

ኩርፊያን ለማየት ደግሞ የኤዝራ ጃክ ኪትስ «የፒተር ወንበር» (1967) አለ። አዲስ እህት ተወልዳለት የእርሱ የነበረው ዕቃ ሁሉ ለእርሷ ሮዝ ቀለም ሲቀባ ያየው ፒተር፣ ያልተቀባችውን ትንሽ ወንበሩን ይዞ ከውሻው ጋር ይኮበልላል። የሚኮበልለው ታዲያ ከቤቱ ደጅ አያልፍም። ኩርፊያ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የሚያባብል ሰው ሊያይ ከሚችልበት ርቀት አይወጣም። ወንበሯ ላይ ሊቀመጥ ሲሞክር አልበቃችውም፤ አድጓል። በኋላ ራሱ ከአባቱ ጋር ይቀባታል። ለጓደኝነትም መሠረቱ ይህ ይመስለኛል፤ አሳልፎ መስጠት የሚቻለው ትልቅ እንደሆኑ ሲታወቅ ነው።

አሁን ወደማልወደው መጽሐፍ ልምጣ። የስዊዘርላንዱ ማርከስ ፊስተር በ1992 ያወጣው «ቀስተ ደመናው ዓሣ» በሚያብረቀርቁ ቅርፊቶቹ ዓለምን ዞሯል፤ ብዙ መምህራን ማካፈልን ለማስተማር መጀመሪያ የሚያነሱት እርሱን ነው። ኩሩው ዓሣ ቅርፊቱን ሲከለክል ሁሉም ይርቁታል፤ እየነቀለ ሲያድል ግን ይከቡታል፤ ለራሱ የምትቀረው አንዲት ብቻ ናት። አማርኛ «መግዛት» የሚለውን ግስ ለገበያም ለአስተዳደርም ያውለዋል፤ ይህ ዓሣ የተማረው ራሱን መግዛት ሳይሆን ጓደኛ መግዛት ነው። ከአካሉ ቆርሶ ካልሰጣቸው የማይቀርቡትን እነዚያን ዓሣዎች ጓደኛ ብሎ ለልጅ ማስተዋወቅ ይከብደኛል። ደግነቱ፣ አንብበው ሲጨርሱ «እነሱስ ምን ሰጡት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እንዲህ ሲነበብ መጥፎ መጽሐፍም ሥራ ይሠራል።

መጻሕፍቱ ጠባይ ይለውጣሉ ወይ የሚለው ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው። የካናዳው ተመራማሪ ካንግ ሊና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸውን 268 ልጆች ዞራችሁ እንዳታዩ ብለው ለፈተና ብቻቸውን ትተዋቸዋል፤ ከዚያ ተረት አንብበውላቸው ዞረው አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው። «ተኩላ መጣ» እያለ ሲዋሽ ኖሮ በመጨረሻ ስለተበላው እረኛ፣ ሲዋሽ አፍንጫው ስለሚያድገው ፒኖኪዮ የሰሙት ልጆች እውነት መናገራቸው አልጨመረም። ዛፍ መቁረጡን አምኖ ስለተመሰገነው ስለ ትንሹ ጆርጅ ዋሽንግተን የሰሙት ግን ይበልጥ እውነቱን ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ መጨረሻውን ገልብጠው ጆርጅን ሲያስዋሹትና ሲያስቀጡት ውጤቱ ጠፋ። ማስፈራሪያ የሞላበትን ተረታችንን ሳስብ ይህ ጥናት ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ከዚሁ ተመራማሪ ጋር የተሠራ ሌላ ጥናት ለእኔ የባሰ ነው። ስለ ማካፈል የሚናገር አንድ መጽሐፍ በሁለት ዓይነት ተዘጋጀ፤ በአንደኛው ባለታሪኮቹ ልብስ የለበሱ እንስሳት፣ በሌላው ሰዎች ናቸው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ካነበቡ በኋላ ስቲከሮቻቸውን ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ሲጠየቁ፣ ሰዎቹን ያዩት ከቀድሞው የበለጠ ሰጡ፤ እንስሳቱን ያዩት ግን አልጨመሩም። ይበልጥ ያካፈሉት እንስሳቱ እንደ ሰው ናቸው ብለው ያመኑት ነበሩ። ጉርጥንና እንቁራሪትን ያወደሰ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። የጦጣና የጅብ ተረታችንም አብሮ ይመዘናል፤ ለነገሩ የኛ ጦጣ አሸናፊነቷ በብልጠቷ እንጂ በደግነቷ አይደለም፤ እሷን ለሥነ ምግባር የሚያስተምር ሰው ችግር ውስጥ ነው። መከላከያዬ ይህ ነው፦ ሙከራው የለካው አንድ ጊዜ የተነበበ የምክር መጽሐፍ ወዲያው የሚያመጣውን ውጤት ነው። ሎቤል ማንንም አካፍል አይልም። ቢሆንም ዓላማው ልጁ ነገ ጠዋት እርሳሱን እንዲያውስ ከሆነ፣ እርሳስ ስለሚያውስ ሰው ልጅ ማንበቡ ይበጃል፤ ይህን ተቀብያለሁ።

ስለ ጣፋጩ ሙከራም የኋላው ታሪክ ከፊተኛው ይበልጣል። በ2013 ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም የተሻለ የሥዕል ቀለም እናመጣለን አሏቸው፤ ለግማሾቹ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ለግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ የተካዱት 3 ደቂቃ ብቻ። የተካደ ልጅ ቶሎ መብላቱ ብልህነት ነው። ማክስ እናቱ የምታስቀምጥለት ሞቅ ያለ እራት ባይኖር ኖሮ ከአውሬዎቹ ዘንድ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም።

በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሙከራውን ካሜሩን አወረደው። ከንሶ ብሔረሰብ ገበሬዎች ልጆች 70 ከመቶ ያህሉ እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ ከጀርመን ልጆች የጠበቁት 30 ከመቶ አይሞሉም፤ ከንሶዎቹ አንዳንዶቹ እየጠበቁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ይህን ያስተማራቸው የሥዕል መጽሐፍ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም፤ ተመራማሪዎቹም ምክንያቱን የፈለጉት በእናቶቹ አስተዳደግ ውስጥ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ምን ሊጨምር ይችላል? ለእኔ መልሱ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። ሴሊያ ብራውኔልና ባልደረቦቿ በፒትስበርግ ወላጆች ገና ሁለት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ልጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ተመለከቱ። ቶሎ የሚረዱትና የሚያካፍሉት ልጆች ወላጆቻቸው «ምን ተሰማው? ለምን?» እያሉ ልጁን ራሱን የሚያናግሩት ነበሩ። ወላጁ ስሜቱን ራሱ ሰይሞ ማለፉ ያን ያህል አልረዳም። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ቀናሁ፣ አኮረፍኩ፤ እያንዳንዱ የተለየ የሆድ ሁኔታ ነው። ፒተር ተናዶ ነበር ወይስ ሆድ ብሶት? በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም በአማርኛ እየተጠየቀ በሌላ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ ብዙ ጊዜ «ደስ አለኝ» እና «ተናደድኩ» ብቻ ነው ያለው፤ ቅርታን የሚያገኘው አንድ ሰው የፒተርን ፊት እያሳየ ሲጠይቀው ነው።

ከኤሌና ቦድሮቫና ከዴቦራ ሊዮንግ የመጣ አንድ የአፀደ ሕፃናት ዘዴም አለ። ሁለት ልጆች የሥዕል መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የከንፈር ሥዕል ያለበት ካርድ ይይዛል፣ ሌላው የጆሮ። ከንፈር የያዘው ሥዕሉን እያየ ያወራል፣ ጆሮ የያዘው ያዳምጣል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ጆሮ አይናገርም፣ ስለዚህ ልጁ ዝም ማለት ይችላል። ይህ ዘዴ ባለበት ሙሉ የትምህርት ሥርዓት ላይ በ2007 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ በኋላ የተደረጉ ግምገማዎች ግን ሁሉም አልደገሙትም። ይሁንና 60 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥም ሁለት የካርቶን ቁራጭ ስለማይጠፋ፣ ለእኛ መምህራን መሞከሩ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አዟሪዎች ዘንድ ያሉትን ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት ማገላበጥ በቂ ነው። ከታሪኩ በታች፣ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል፣ ምክሩ ተጽፏል። ልጁ ገና ሥዕሉን እያየ ሳለ ደራሲው መልሱን ነግሮት ይሄዳል። የሚገርመው ምክር ብቻውን እንደማይሠራ የሚናገረው ተረት የራሳችን መሆኑ ነው። ማሞ ቂሎ እናቱ ዛሬ የመከረችውን ነገ በማይሆን ነገር ላይ እየተረጎመ ያጠፋዋል፤ ሁሌም ታዛዥ ነው፣ ሁሌም ይሳሳታል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አጥቶ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው የማሞ ታሪክ ነበር። እርሱ ያቋቋመው «ኢትዮጵያ ሪድስ» በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይም በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች ማድረስ ጀመረ።

ስለ ትዕግሥት ያለን ትልቁ ተረት ግን የአንበሳው ፀጉር ነው። በ1995 ብቻ ሁለት የአሜሪካ የሥዕል መጻሕፍት ሆኖ ወጥቷል። ልጅነቷን ኢትዮጵያ ውስጥ ያሳለፈችው ጄን ከርትዝ ታጋሿን ትንሽ ልጅ አደረገቻት፤ የእንጀራ እናቷን ፍቅር የምትሻ። ናንሲ ሬይንስ ዴይ ደግሞ የእንጀራ እናቲቱን አስታገሰቻት፤ የልጁን ፍቅር የምትሻ። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ነው፣ የምወደውም እርሱን፤ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ራሱን መግዛት የሚማር አዋቂ ማየት ብርቅ ነውና።

በቅርቡ አንድ ማታ ተረቱን ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀን ሥጋውን ከሩቅ እንዳስቀመጠች፣ በማግስቱ ትንሽ ቀረብ እንዳለች፣ ከብዙ ቀን በኋላ አንበሳው እየበላ ሳለ ቀስ ብላ ፀጉሩን እንደነቀለች፣ ለመድኃኒቱ የአንበሳ ፀጉር አምጪ ወዳላት ሽማግሌም ይዛ እንደሮጠች። ሽማግሌው መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ ልጁንም እንደዚሁ ቅረቢው አላት ብዬ ጨረስኩ። ምንም አላልኳትም፤ ምክሩን ዋጥኩት። ጣሪያውን እያየች ትንሽ ቆየችና «ነገስ?» አለች።

«ነገ ምን?»

«አንበሳው ነገም ሥጋውን ሊጠብቅ ይመጣል እኮ። ማን ይዞለት ይሄዳል?»